ጋቢ ይውለቅ!

ኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ከበርሜል በተሠራ ጀልባ ላይ የነበሩ ሦስት ሰዎች ግድብ ውስጥ ወደቁ። ሦስቱም ዛሬ በሕይወት አሉ። ይህን ከወዲሁ የምናገረው ልባችሁን ሰቅዬ ላለማቆየት ነው። መጻፍ የፈለግሁት ከዚያ ቀን በኋላ ስለሆነው ነገር ነው። በሰሜን ሸዋ ያለ አንድ የገጠር መንደር፣ ማንም ሳያዘው፣ ለራሱ ቀዛፊዎች ትምህርትና ፈተና አወጣ። እንዴት እንዳወጣ፣ የት ላይ እንደተሳካለትና የት ላይ እንደተጣላ ላውራችሁ።

የቦታውንም የሰዎቹንም ስም አልጠራም። ሰዎቹ ጎረቤቶቼ ናቸው፤ ከፊሎቹን አስተምሬያቸዋለሁ። ከደብረ ብርሃን ብዙም የማይርቅ ደጋ ነው ካልኩ ይበቃል። ገብስና ባቄላ የሚዘራበት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ የሚወርድበት አገር ነው። እዚያ አንዲት አነስተኛ የመስኖ ግድብ አለች። ክረምት ትሞላለች፤ በጋውን ሽንኩርትና ድንች ስታጠጣ ትከርማለች።

እኛ ደገኞች ከውሃ ጋር ያለን ትውውቅ የመሻገር ትውውቅ ነው። ወደ ጀማ ቆላ የሚወርድ ሰው፣ ወንዝ ሞልቶ ካገኘው ዳር ላይ ተቀምጦ እስኪጎድል ይጠብቃል። ቸኩሎ ከሆነ ዋናተኛ ፈልጎ ይሻገራል። ውሃ ለኛ የሚፈራ ነገር ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። ለመዝናናት ብሎ ውሃ ላይ መውጣት ግን አዲስ ነገር ነው። ለአዲስ ነገር ደግሞ የቆየ ፍርሃት ብዙም አይረዳም። ፈርተን እናያለን፤ ሌላው ሲወጣ ስናይ እኛም እንወጣለን።

ጀልባዋን የሠሩት ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ትልቁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ነጥብ ስላልመጣለት ደብረ ብርሃን ብየዳ ቤት ገባ። እጁ ወርቅ ነው። አንድ ቀን ስድስት ባዶ የዘይት በርሜል በአይሱዙ ጭኖ መጣ። ሦስቱን በአንድ ጎን፣ ሦስቱን በሌላው ጎን ደረደረ። በብረት አሰራቸው፤ ከላይ የባሕር ዛፍ አጠናና ጣውላ ደለደለባቸው። ሁለት መቅዘፊያ ጠረበ። ትንሹ ወንድም ደግሞ በመንደሩ አንደኛው ዋናተኛ ስለሆነ ቀዛፊ ሆነ። ለአዋቂ 20 ብር፣ ለልጅ 10 ብር። በሰንበትና በበዓል ሰልፍ ነበር። እኔም ወጥቻለሁ፤ ሁለት ጊዜ። ስንት ሰው እንደያዘች አንድም ጊዜ አልጠየቅሁም። የፊዚክስ አስተማሪ መሆኔን ስነግራችሁ እንዳትስቁብኝ።

ኅዳር ሚካኤል ዕለት ጀልባዋ ላይ አሥራ ሁለት ሰው ነበር። አሥር ተሳፋሪ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች። ትልቁ ወንድም እንደነገረኝ፣ ስምንት ሰው ከገባ በኋላ ራሱም "በዛ" ብሎ ነበር። በልቡ ነው ያለው። ዘጠነኛው በሰፈሩ የሚከበሩ አዛውንት ነበሩ። ከጸበል ጸዲቁ ቤት ጠላ ቀመስ አድርገው፣ ጋቢያቸውን ደርበው መጡ። አሥረኛዋ ደግሞ የእሳቸው ዘመድ ናት። "ጋሼን ውረዱ ልበላቸው? በሚካኤል?" አለኝ። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ያዟት።

ከዳር አሥር ሜትር ያህል እንደራቁ፣ ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ወጣት ስልኩን አውጥቶ "ሁላችሁም ወደዚህ፣ ወደዚህ ተጠጉ!" አለ። ፎቶ ነው። ዘጠኝ ሰው ያህል ወደ ግራ ጎን ተጠጋ። የግራው በርሜል ውሃ ውስጥ ገባ፤ ጣውላው ዘመመ፤ ከጫፍ ያሉት ሦስቱ ተንሸራተው ወደቁ። ሽማግሌው፣ ዘመዳቸውና አንድ ዘጠነኛ ክፍል ተማሪ። የቀሩት እየጮሁ ወደ ቀኝ ተመለሱና ጀልባዋ ተስተካከለች። ይህ ሁሉ አንድ "አባታችን ሆይ" ለመድገም በማይበቃ ጊዜ ነው የሆነው።

ተማሪው የጀልባውን ጠርዝ ይዞ ቀረ። ሴትየዋን አንድ ሰው ክንዷን ይዞ ጎተታት። ጭንቁ የሽማግሌው ነበር። ጋቢው ውሃ ጠጥቶ እጃቸውን ጠፈረው። ባለ አራት ድርብ ጋቢ ውሃ ሲጠጣ ምን እንደሚከብድ ያጠበች ሴት ታውቀዋለች። እግራቸው ላይ ቦቲ ነበር፤ እሱም ሞላ። ደግሞ አልጮሁም። ዳር ላይ የነበሩት ሁሉ የሚናገሩት ይህንኑ ነው፦ "አልጮሁም እኮ፤ የሚጫወቱ መስሎን ነበር።" የሚሰጥም ሰው የሚጮኸው በፊልም ነው። አፉ ከውሃው በላይ በሚሆንባት ቅጽበት አየር ይስባል እንጂ ለጩኸት የሚተርፍ ትንፋሽ የለውም።

ትንሹ ወንድም ዘሎ ገባ። ሽማግሌው አንገቱን አነቁት። ይህ ክፋት አይደለም፤ የሚሰጥም ሰው ያገኘውን ሁሉ ይይዛል። የመንደሩ አንደኛ ዋናተኛ ከሽማግሌው ጋር አብሮ ወደ ታች ወረደ። ወጣ፤ እንደገና ወረደ።

ያዳነቻቸው ውሃ ልትቀዳ የመጣች የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። ወገቧ ድረስ ገብታ ባዶ ሃያ ሊትር ጀሪካኗን ወረወረችላቸው። ሽማግሌው የልጁን አንገት ለቀው ጀሪካኑን አቀፉ። ከዚያ አንድ እረኛ ረጅም አጠና ዘረጋና ወደ ዳር ተሳቡ። ልጅቷን በኋላ "ማን አስተማረሽ?" ብዬ ጠየቅኋት። "ጀሪካን አይሰጥምማ" አለችኝ። ጥያቄዬ የሞኝ ጥያቄ ሆኖባት ነበር።

በነጋታው ቀበሌው ጀልባዋን አገደ። ማገድ ቀላል ነው፤ ወረቀት ይጻፋል፣ ማኅተም ይመታል። ለሁለት ሳምንት ግድቡ ጸጥ አለ። በሦስተኛው ሳምንት ወጣቶች ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ማንም በማያይበት ሰዓት፣ ጀልባዋን ማውጣት ጀመሩ። ቀን ላይ ቢያንስ ጀሪካን የያዘች ልጅ ነበረች። ማታ ማን አለ? እግዱ አደጋውን አላጠፋውም፤ አጨለመው እንጂ።

እኔ በበኩሌ እልህ ያዘኝ። ሰኞ ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ ጀልባዋን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሣልኳት። ባለ 200 ሊትር በርሜል ሙሉ በሙሉ ሲሰጥም 200 ሊትር ውሃ ይገፋል፤ ያ 200 ኪሎ ነው። በርሜሉ ራሱ ወደ 20 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ አንዱ በርሜል የሚሸከመው 180 ኪሎ ነው። ስድስቱ 1,080። አጠናውና ጣውላው በግምት 250 ኪሎ ይወስዳል። ለሰው የሚቀረው 830 ነው። አሥራ ሁለት ሰው፣ በአማካይ 60 ኪሎ ብንል 720 ይሆናል። ተማሪዎቹ በአንድ ድምፅ "ይችላል!" አሉ።

ይችላል። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። ትልቁ ወንድምም እንዲሁ አይቶ ነው የጫነው። ለሁለተኛው ጥያቄ ዝም አሉ፦ ሰው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ቢሄድስ? በአንዱ ጎን ሦስት በርሜል አለ፤ 540 ኪሎ። የእንጨቱን ግማሽ፣ 125ቱን ቀንሱ። 415 ይቀራል። ዘጠኝ ሰው በ60 ሲባዛ 540 ነው። ጎኑ መስጠሙ ግድ ነው። በርሜሉ አልተበሳም፤ ነፋስ አልነበረም፤ የውሃ ጋኔን አልጎተተውም። (ጋኔኑን ያነሳሁት ሰው ስላነሳው ነው። ሳምንቱን ሙሉ የተወራው እሱ ነበር።)

ከዚያ በአንድ ጎን ያለውን 415 ይዘን አዋቂን ከነልብሱ 70 ኪሎ አድርገን አሰላነው። አምስት ሰው 350 ነው። አምስቱ በሙሉ ወደ አንድ ጎን ቢሮጡ እንኳ ጎኑ አይሰጥምም። ቀዛፊውን ጨምሮ አምስት፤ አራት ተሳፋሪና አንድ ቀዛፊ ማለት ነው። ቁጥሯ ከዚያ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው የወጣችው። ትልቁ ወንድም ሲሰማ "ከአሥር ወደ አራት? እንግዲያውስ በርሜሉን መልሼ ልሽጠው" አለ።

ለገና የአክስቴ ልጅ ከሲያትል መጣች። እህት አድርጌ የማያት ናት፤ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ ነው የምላት። ታሪኩን ነገርናት፤ ግድቡን አሳየናት። ቦርሳዋን ከፍታ አንድ ካርድ አወጣች። መንጃ ፈቃድ ይመስላል። የጀልባ ነው። ከባሏ ጋር ዓሣ ለማጥመድ ሐይቅ ላይ ይወጣሉ፤ እሷም ትነዳለች።

"ለጀልባም መንጃ ፈቃድ አለው እንዴ?" ብሎ ትንሹ ወንድም ሳቀ።

አለው። ሲያትል ባለችበት በዋሽንግተን ግዛት ሕጉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። 15 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ ሞተር ያለው ጀልባ የሚነዳ ሰው ትምህርቱን ተከታትሎ፣ ፈተናውን አልፎ ካርዱን መያዝ አለበት። ሁሉንም በአንድ ቀን አላስገደዱም። ከወጣቶቹ ጀምረው፣ በየዓመቱ ዕድሜውን ከፍ እያደረጉ፣ በ2014 ጨረሱ። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1955 በፊት የተወለዱት ግን ነፃ ናቸው። ካርዱ አንዴ ከተወሰደ አይታደስም። ከዚያ ቀደም አላባማ በ1994 ለጀልባ ነጂዎች ፈቃድ በማስገደድ ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ሆናለች። ካናዳ በ1999 ጀምራ፣ በ2009 ባለሞተር የመዝናኛ ጀልባ የሚነዳን ሁሉ የብቃት ካርድ እንዲይዝ አስገደደች።

ትልቁ ወንድም ብልጥ ነው። "እትዬ፣ 15 የፈረስ ጉልበት አልሽ። የኛ እኮ ሞተርም የለው" አላት። እውነቱን ነው። በዚያ ሕግ ቢሆን የኛዋ በርሜል ምንም ካርድ አያስፈልጋትም ነበር። ሕጉ ሲወጣ የታሰበው ሞተር ነው እንጂ በአሥር ብር የሚሳፈር ሕፃን አይደለም። ሰው ያወጣውን ሕግ እንዳለ ቀድቶ ማምጣት ትርፉ ይህ ነው። እትዬም አልተከራከረችም። "ካርዱን ተዉት። ካርዱን ለማግኘት የተማርኩትን ልንገራችሁ" አለች።

ከነገረችን አንዱ ቁጥር ነበር። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ በየዓመቱ የመዝናኛ ጀልባ አደጋዎችን ይቆጥራል። እ.ኤ.አ. በ2023 የሞቱት 564 ናቸው። የአሟሟታቸው ምክንያት ከታወቀው ውስጥ ከመቶ 75ቱ ሰጥመው ነው። ከሰጠሙት ደግሞ ከመቶ 87ቱ ላይፍ ጃኬት (ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ) አልለበሱም። ነጂው መማር አለመማሩ ከታወቀው ውስጥ ከመቶ 75ቱ ሞት የደረሰው የደኅንነት ትምህርት ባልወሰደ ነጂ ጀልባ ላይ ነው። በመጨረሻዋ ቁጥር ላይ ልጠንቀቅ። ያልተማረው ነጂ ከተማረው እጅግ የሚበዛ ከሆነ፣ አደጋውም በእሱ ጀልባ ላይ መብዛቱ አይገርምም። ብቻዋን ማስረጃ አትሆንም። የላይፍ ጃኬቷ ግን ማንንም አታከራክርም።

ላይፍ ጃኬት የለንም። ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ ዞርን፤ አላገኘንም። እዚህ ላይ እትዬ አንድ ነገር አለች። ውሃ ውስጥ ያለ ሰው አብዛኛውን ክብደቱን ውሃው ይሸከምለታል። ጭንቅላቱ ከውሃ በላይ እንዲቆይ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ተንሳፋፊ ኃይል ለአዋቂ ከሦስት እስከ አምስት ኪሎ ተኩል ያህል ነው። ተያየን። አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን፣ ክዳኑ ጥርቅም ተደርጎ፣ አምስት ኪሎ ያህል ያነሳል። በየቤቱ አለ። ላይፍ ጃኬት አይተካም፤ ራሱን የሳተን ሰው ፊቱን ወደ ሰማይ አያዞርም፤ እጅ ከለቀቀው ይሄዳል። ግን ከባዶ እጅ እጅግ ይሻላል። ልጅቷ ያለ ቁጥር የደረሰችበት ነገር ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ብርዱ ነበር። የኛ ሰው መስጠምን ከዋና አለመቻል ጋር ብቻ ነው የሚያያይዘው። የካናዳው ማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጎርደን ጊስብሬክት እጅግ ለቀዘቀዘ ውሃ የሚያስተምራት ቀላል ስሌት አለች፦ አንድ፣ አሥር፣ አንድ። በመጀመሪያዋ አንድ ደቂቃ ትንፋሽህ ከቁጥጥርህ ይወጣል፤ ሥራህ መተንፈስ ብቻ ነው። ከዚያ እጅና እግርህ የሚታዘዙህ አሥር ደቂቃ ያህል ነው። ብርዱ ራስህን የሚያስትህ ግን ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ነው። የኛ ግድብ በረዶ አይደለም፤ ደቂቃዎቹ ይለያያሉ። ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው። ውርጭ ያደረበት ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው ትንፋሹን ነው። ሽማግሌው "ደረቴን እንደ ቆርቆሮ አጣበቀው" ሲሉኝ የነበረው ይኸው ነው።

ትምህርቱን ከጥምቀት ማግሥት ጀመርን። ሁለት ግማሽ ቀን፤ ሰባት ወጣት መጣ። ሁሉንም ልዘርዝር ብል ቀኑ ይመሻል። ሰው መቁጠር። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ መመለስ። ጠላም አረቄም የቀመሰ ቀዛፊ መቅዘፊያ አይነካም፤ የቀመሰ ተሳፋሪም አይገባም። ጀልባዋ ብትገለበጥ በርሜሉን ይዞ መቆየት እንጂ ወደ ዳር ልዋኝ አለማለት። ጋቢ ከመሳፈር በፊት ይወልቃል፤ ቦቲም ይወልቃል። ይህቺ የመጨረሻዋ ብዙ አሳቀች። ደገኛን በጥር ጋቢህን አውልቅ ማለት በራፍህን ንቀል እንደማለት ነው። ደግሞ ገመድ የታሰረበት ጀሪካን ዳር ላይም ጀልባዋ ላይም ሁልጊዜ ይኖራል። ሰው ሲወድቅ ቅደም ተከተሉ፦ ዘርጋ፣ ወርውር፣ አትግባ።

ፈተናው አሥር ጥያቄ በቃል ነው። ከሰባቱ ሁለቱ ማንበብ አይችሉም፤ ስለዚህ ወረቀት አላስፈለገም። ቀጥሎ የተግባር፦ አሥር ሜትር ላይ ለቆመ አጠና ገመድ ያለበትን ጀሪካን ሦስቴ መወርወር፤ ሁለቱን በእጅ ርቀት ማሳረፍ። ፈታኞቹ እትዬ፣ እኔና የውሃ አባቱ ነበርን።

የውሃ አባቱ መግባት ነገሩን ለወጠው። መስኖ ባለበት አገር ውሃ የሚያከፋፍል፣ ተራ የሚያስጠብቅ፣ የተጣላን የሚዳኝ ሽማግሌ የውሃ አባት ይባላል። ቀበሌውን ጠይቀን ነበር። "የጀልባ ፈቃድ እኛ አንሰጥም፤ ሥልጣናችን አይደለም" አሉን። እውነት አላቸው። የመስኖ ተጠቃሚዎች ማኅበር ግን ግድቡን የሚመለከት መተዳደሪያ ደንብ አለው። ጉባኤው ተጠርቶ አንድ አንቀጽ ተጨመረ። የውሃ አባቱ ወረቀት የሌለው ሰው በግድቡ ላይ ሰው አሳፍሮ አይቀዝፍም። ደንቡን የጣሰ የውሃ ተራው ይዘለላል። ለገበሬ ልጅ ከገንዘብ ቅጣት ይልቅ ይህ ያማል። የአባቱ ሽንኩርት ነው የሚደርቀው። ቀበሌው ይህን አይቶ እግዱን አነሳ።

ከሰባቱ አምስቱ አለፉ። ከወደቁት አንዱ ትንሹ ወንድም ነው። የመንደሩ አንደኛ ዋናተኛ፣ የሽማግሌው አዳኝ ተብሎ የተሸለመ። ጥያቄው "ሰው ውሃ ውስጥ ወደቀ፤ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?" የሚል ነበር። "እዘላለሁ" አለ። የውሃ አባቱ ደግመው ጠየቁት። "እዘላለሁ፤ ዝም ብዬ ልየው?" አለ። ወደቀ።

ተቆጣ። ሰፈሩም ተቆጣ። እናቱ እቤቴ ድረስ መጥታ "ሰው ያዳነ ልጄን ጣላችሁት፣ በሕይወቱ ዋና ያልሞከረውን አሳለፋችሁት" አለችኝ። ምን ልመልስላት? እውነት ነው፤ ከአምስቱ አንዱ ጨርሶ አይዋኝም። ግን ጀሪካኑን ሦስቴ ወርውሮ ሦስቴም ያሳረፈው እሱ ነው። ዋና ለራስ ነው። ሌላውን ለማውጣት መጀመሪያ የሚፈለገው ሌላ ነገር ነው። ይህን ለእናት ማስረዳት ከባድ ነው፤ ልጇ አንገቱን ታንቆ ሁለቴ ሲሰምጥ አላየችም። እኔም ብሆን ሌሊቱን ሲያስጨንቀኝ አደረ። "መማር ይቅደም ከመጠምጠም" ብለን እንተርታለን፤ ያልተማረው የራሳችን ጀግና ሲሆን ግን ምላስ ይተሳሰራል። ልጁ ከአንድ ወር በኋላ ተመልሶ ተፈተነ። አለፈ። ምን እንዳሳመነው ስጠይቀው "ሽማግሌው ናቸው። ጀሪካኑ ባይመጣ አብረን እንሄድ ነበር አሉኝ" አለኝ።

ወረቀቱ ምን ጠቀመ? እኔ ያልጠበቅሁትን ነገር። ዳግማይ ትንሣኤ ላይ ሰርግ ነበር። ሙሽሮቹ ከነሚዜዎቻቸው፣ ከነቪዲዮ አንሺው ወደ ግድቡ መጡ። ዘጠኝ ሰው በሱፍና በቬሎ። ሁሉም በአንዴ ወጥተው እንዲቀረጹ ፈለጉ። ገንዘብ ችግር አልነበረም፤ 500 ብር አወጡ። ተረኛው ቀዛፊ ትንሹ ወንድም ነበር። የሙሽራው አጎት ከትልቁ ወንድም አሠሪ ጋር የቅርብ ወዳጅ ናቸው። እምቢ ማለት አይመችም።

"ጋሼ፣ እኔ ብሆን ደስ ይለኝ ነበር። ወረቀቱ ነው የማይፈቅደው" አለ።

ወረቀቱን አሳያቸው። ባለ ክብ ማኅተም፤ "ቀዛፊውን ጨምሮ 5 ሰው" ይላል። ጀልባዋም ጎን ላይ በቀይ ቀለም "5 ሰው" ተብሎ ተጽፏል። (ይህቺን ከአሜሪካ ነው የወሰድናት። እዚያ ርዝመታቸው ከ20 ጫማ በታች የሆኑ ባለሞተር ጀልባዎች የሚችሉትን ሰውና ክብደት የሚናገር ሰሌዳ ይለጠፍባቸዋል።) አጎትየው ትንሽ አጉረመረሙ። ከዚያ "ሕግ ከሆነማ" አሉ። ሙሽሪት ቬሎ ለብሳ ስለነበር እሷም አልተሳፈረችም፤ ጀልባዋ ዳር ታስራ ፎቶ ተነሱባት። ወንዶቹ በአራት በአራት ዞሩ። አጎትየው ጋቢያቸውን ራሳቸው አውልቀው ለሚዜው ሲሰጡ አይቻለሁ።

የኅዳሩን ዓረፍተ ነገር አስታውሱት፦ "ጋሼን ውረዱ ልበላቸው?" ጀልባዋን የጫናት ስግብግብነት ብቻ አልነበረም። ይሉኝታ ነው። ትልቁ ወንድም በዛ ብሎ ያውቅ ነበር፤ አላወቀም ብሎ ማስተማር ብቻውን አይበቃውም ነበር። የጎደለው "እምቢ" የሚልበት አፍ ነው። የሃያ ዓመት ልጅ ለስድሳ ዓመት ሰው "አይቻልም" ሲል ባለጌ ይባላል። ወረቀቱ ሲልለት ግን ባለጌ የሚባል የለም። እኔ ፈቃድ ማለት ሥራ የሚያሠራ ነገር ይመስለኝ ነበር። እዚህ ግድብ ላይ ግን የጠቀመው ሥራ ለማስቆም ነው።

ሁሉ አማረ እያልኩ አይደለም። ጀልባዋ በዙር የምታስገባው ቀንሷል፤ ዋጋው ወደ 40 ብር ወጣ፤ ልጆች ሰልፍ ላይ ቀንሰዋል። ጀሪካን የወረወረችው ልጅ ትምህርቱ ላይ አልተጠራችም ነበር፤ "ሴት ትቀዝፋለች እንዴ" ተብሎ። ይህን ያሉት ሌሎች ብቻ አይደሉም፤ እኔም ስም ዝርዝሩን ስጽፍ ትዝ አላለችኝም። እትዬ ሲያትል ሆና በስልክ ሰደበችኝ። በሚቀጥለው ዙር ልጅቷ የወርውሩ አስተማሪ እንድትሆን ተስማምተናል።

ትልቁ ራስ ምታት ግን ገንዘብ ነው። በግንቦት ሌላ ወጣት አራት በርሜል ይዞ መጣ፤ ሁለተኛ ጀልባ ሠራ። መፈተን ፈለገ። ከፈተናው ኮሚቴ ውስጥ የገባው ትልቁ ወንድም "የፈተና 300 ብር ይክፈል" አለ። የመጀመሪያዎቹ ሰባቱ አምስት ሳንቲም አልከፈሉም። እኔ ይህ ፈተና ሳይሆን ገበያ ማጠር ነው አልኩ። እሱ ደግሞ "ለገመዱና ለጀሪካኑ ማን ይክፈል? እኔ ነኝ የከሰርኩት" አለ። ይህም ሐሰት አይደለም። የአዲሱን ጀልባ ሒሳብ ሠራሁ። በአንዱ ጎን ሁለት በርሜል 360 ኪሎ ነው፤ ከዚያ የእንጨቱ ግማሽ ይቀነሳል። ቀዛፊውን ጨምሮ ከሦስት ሰው በላይ አልፈርምም ብያለሁ።

ጉባኤው ለሰኔ 12 ተቀጥሯል። አዲሱ ጀልባ እስከዚያ ከግራር ሥር በሰንሰለት ታስሯል። ቁልፉ የውሃ አባቱ ጋ ነው።